ጸሎት የሚያበዛው ደዋይ

ማክሰኞ፣ መስከረም 10

ጋራዥ የሰነበተችውን አውቶቡስ "ተሠርታለች" ብለው ሰጡኝ። ተሠርታለች ያለኝ ሰውዬ ዓይኔን አላየኝም። ዓይኔን የማያይ ሰው አላምንም። ድልድዩ ላይ ስደርስ ቀጥ! ነግሬያቸው ነበር እኮ። ተሳፋሪው ሁሉ እኔን ይቆጣል... እኔ ነኝ የፈታታኋት?

ማታ አምባዛ ጠበስኩ። ሻጩ የዛሬ ነው ብሎ ምሏል። የዛሬ ዓሣ እንደዚያ አይሸትም። ብቻ በላን፣ እስካሁን ደኅና ነን።

የልጄ የታቪያ ስልክ እራት ላይ ደጋግሞ ጮኸ። በጮኸ ቁጥር በረንዳ እየወጣች አወራች። ለምን በረንዳ? እኔ ቤት ውስጥ የማይወራ ምን ወሬ አለ? ቀኑን ሙሉ ሱፐርማርኬት ሂሳብ ስትቀበል ቆማ የዋለች ልጅ፣ እግሬን እግሬን የምትል ልጅ፣ ያ ስልክ ሲጮህ ዘላ ትነሳለች። ወንድ ነው። ባለትዳር ሳይሆን አይቀርም። በእራት ሰዓት ከሚስቱ ተደብቆ የሚደውል ባለትዳር ነው።

ዓርብ፣ መስከረም 13

ፊት ለፊት ጠየቅኳት።

"ሰውዬው ማነው?"

"የቱ ሰውዬ?"

"በረንዳ የሚያስወጣሽ።"

ሳቀች። "እማ፣ ኮሌጅ ነው!"

ኮሌጅ? ኮሌጅ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ለሰው የሚደውለው? እኔ የማውቀው ሰው ኮሌጅን ደጅ ሲጠና ነው። ስሙንም ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ ደብተሬ ላይ ቦታ አይኖረውም።

አልትራሳውንድ ልትማር ነው። ከቤት ሳትወጣ፣ በኮምፒውተር።

"በኮምፒውተር? የማንን ሆድ ነው የምታይው?"

"እማ ደግሞ..."

"የጎረቤት ሆድ ልትበደሪ ነው?"

አብረን ሳቅን። በኋላ ግን ክፍያውን ስጠይቅ ሳቁ ቆመ። የመንግሥት ብድር ነው አለች። ሥራ ስትይዝ ትከፍለዋለች። ወንድም ካርልተን ሁሉንም ያስተካክላል።

"ወንድም? የማን ወንድም?"

"አማካሪዬ ነው። ደግ ሰው ነው። አማኝ ነው እማ።"

ባለትዳር ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ባለትዳር ከሆነ ሚስቱ ጋ ይደወላል። ኮሌጅ ሲሆን ማን ጋ ይደወላል?

ሰኞ፣ መስከረም 16

ደወልኩለት። ለራሱ ለካርልተን። ጥያቄዎቼን ከጠዋት ጀምሮ መሪ ላይ ሆኜ ሳጠና ነው የዋልኩት። ስንት ነው ጠቅላላው? ካልጨረሰችስ? መለማመጃው የት ነው? ሥራ ካጣችስ ማን ይከፍላል?

ድምፁ ማር። "እማማ ኦዜላ! ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ። ታቪያን የሚያህል ልጅ ያሳደጉ እናት!"

"ስንት ነው ጠቅላላው?" አልኩት።

"ጥሩ ጥያቄ ነው። እማማ፣ ከሱ በፊት ግን... መንፈሴ ውስጥ አንድ ነገር ተሰማኝ። ልጸልይልዎት?"

እንግዲህ ምን ይባላል? አይ አትጸልይ ይባላል? ጀመረ። "አባት ሆይ፣ ይቺን ቤት..." ዓይኔን ጨፈንኩ።

እኔ እኮ በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ነጭ ጓንት አጥልቄ የምቆም አስተናጋጅ ነኝ። ጸሎት ከተጀመረ ሰው አላስገባም፣ አላስወጣም። የከንቲባውን ሚስት ደጅ አቁሜያታለሁ። እናቴ ምድጃ ላይ ያለ ዶሮ ሲከስል እየሸተታት አሜን እስኪባል ንቅንቅ አትልም ነበር። እኛ ቤት ጸሎት አይቋረጥም። ታቪያንም እንዲሁ ነው ያሳደግኳት።

ስለ ወገቤ ጸለየ፤ ወገቤን ማን ነገረው? ስለ ሞተው ባሌ ጸለየ። አለቀስኩ፣ አልዋሽም። አሜን ስል ጥያቄዎቼ ሁሉ ከአፌ ጠፍተዋል። ደግሞስ ለባልሽ ነፍስ የጸለየን ሰው "ስንት ነው?" እንዴት ይባላል? አመስግኜው ዘጋሁ። አመስግኜው!

ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው የነደደኝ። የጠየቅኩትን አንዱንም አልመለሰ።

ዓርብ፣ መስከረም 20

ፈረመች። በስልኳ፣ በጣቷ። እሷ ሃያ አራት ሞልቷታል፣ የእኔ ፊርማ አያስፈልግም። አውቀው ነው በሃያ አራት ዓመቷ የያዟት?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12

ላፕቶፕ መጣላት። "ስጦታ ነው" አለች። አገላበጥኩት። ስጦታ የሚሰጥ ኮሌጅ... ለምን?

"ጠይቂያቸው፣ ከብድሩ ላይ ነው የተቆረጠው።"

"ካርልተን ይህን እንደምትዪ ነግሮኝ ነበር።"

"ምን ብሎ?"

አመነታች። ከዚያ አመለጣት። "አንዳንድ ሰው ቤት ውስጥ ሕልም የሚገድል አለ ብሎ። ብዙ ጊዜ እናት ናት ብሎ።"

እኔ? ከተወለደች ጀምሮ በዚህ መሪ ላይ ወገቤን የጨረስኩት ለማን ሆነና ነው? መልስ አላጣሁም፣ ግን አፌን ያዝኩ። አፌን ስይዝ ደግሞ እሱ ያለውን እውነት አስመሰልኩት።

ያ ሰውዬ ጎበዝ ነው። ቤቴ ሳይገባ ቤቴን ለሁለት ከፈለው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ሊዮራ ተሳፈረች። ሆስፒታል አልትራሳውንድ ክፍል የምትሠራዋ፣ ሁሌ ከኋላዬ የምትቀመጠው። አላስቻለኝም፣ ቀይ መብራት ላይ ዞር ብዬ ጠየቅኳት።

"ሊዮራ፣ በኮምፒውተር የሚያስተምረውን ኮሌጅ ታውቂዋለሽ?" ስሙን ነገርኳት።

ፊቷ ተለወጠ። "እትዬ ኦዜላ፣ ማነው የገባ?"

"አይ... አንድ የማውቃት ልጅ።"

"መለማመጃ ሆስፒታል ራሳችሁ ፈልጉ ነው የሚሏቸው። እኛ ደግሞ ከዚያ አንቀበልም። አምና አንዷ በራችን ላይ ቆማ ስታለቅስ ነበር፣ አንጀቴን በላችኝ። እጇ ሰው ነክቶ አያውቅም እኮ!"

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ይጮሁብኛል። እኔ መሄድ አቅቶኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ነገርኳት። እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

"አውቶቡስ ላይ? ሰው ፊት ስሜን አነሳሽ?"

"ስምሽን አላነሳሁም። የማውቃት ልጅ ነው ያልኩት።"

"እማ፣ አንቺ የማታምኚው ነገር አለ? ሥጋ ሻጩ ሌባ። መካኒኩ ውሸታም። ዶክተሩ ለገንዘብ። ፓስተሩ እንኳ አዲስ መኪና ሲገዛ ምን እንዳልሽ ረሳሽው? ሁሉም ሌባ ከሆነ ካርልተንም ሌባ ቢሆን ምን ይገርማል?"

እውነቷን ነው። ሁሉንም ጠርጥሬያለሁ። የእውነተኛው ሌባ ተራ ሲደርስ ድምፄ ተሰልችቷል።

ልብሷን ሰብስባ ጓደኛዋ ቤት ገባች። ለጥቂት ጊዜ ነው አለች። ጥቂት ስንት ነው?

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 25

ለገና መጣች። ተመስገን። ጎመኗን በአሳማ ሥጋ ቀቀልኩላት፣ የምትወደውን የኮክ ኬክ ጋገርኩ። ስለ ኮሌጁ አንድ ቃል ላልተነፍስ ለራሴ ማልኩ። ራሷ አነሳችው።

"ሁሉንም ኤ አመጣሁ!"

"ጎበዝ ልጄ።"

ሁሉንም? እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ጎበዝ ናት፣ ግን ሂሳብ ስትጠላ ነው የኖረችው... ዝም አልኩ። ፊቴ ግን ዝም አይልም መሰለኝ።

"ምነው?"

"ምንም።"

"በይ ተናገሪ፣ ፊትሽ እየጮኸ ነው።"

"ሥራሽን ማን ያርምልሻል? ስሙን ታውቂዋለሽ?"

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ኬኳን እያየች ቀስ ብላ፣ "አንድ ጊዜ አሞኝ ያልላክሁት ሥራ ነበር" አለች። "እሱም ኤ ሆኖ መጣ።"

ሳቀች፣ ግን የእውነት ሳቅ አይደለም። ተጨማሪ ኬክ ቆረስኩላት።

እሁድ፣ የካቲት 16

ዛሬ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ምናልባት ቀንቼ ይሆን? እኔ ያላገኘሁትን ልታገኝ ስለሆነ? ነርስ መሆን እፈልግ ነበር፣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አይ። ቅናት እንዲህ እንቅልፍ አይነሳም። ፍርሃት ነው። ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ ደግሞ፣ ይኸው!

ሐሙስ፣ ግንቦት 8

ኮሌጁ ተዘጋ።

ታቪያ ከነሻንጣዋ በሬ ላይ። ከሥራዬ ስመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ዛሬ ጠዋት ልትገባ ስትል ኮምፒውተሩ "በራችንን ዘግተናል፣ ስለ ነበረን አብሮነት እናመሰግናለን" አላት። በቃ። የአንድ ዓመት ልፋት በአንድ ገጽ።

ብዙ ነገር ማለት እችል ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ምላሴ ላይ ያለውን ሁሉ። ግን አንገቷን አየሁት፣ ደፍታዋለች። "ራት በልተሻል?" አልኳት። እግዜር ይመስክር፣ በዕድሜዬ እንደዚያ የከበደኝ ዝምታ የለም።

ሰኞ፣ ግንቦት 12

ካርልተን ደወለ። አልጠፋም! ወደ "እህት ኮሌጅ" ሊያዛውራት ነው። እስከ ረቡዕ ከፈረመች አንድ ዓመቷ አይባክንም፣ ከቆመችበት ትቀጥላለች። አዲስ ብድር ግን ይጨመራል፣ ትንሽ።

ታቪያ ላፕቶፗን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። "እማ፣ ነይ አንብቢ። የመንግሥት ገጽ ነው። ኮሌጅሽ ተማሪ ሳለሽ ከተዘጋ ብድሩን አሰርዢ ይላል። ግን በእነሱ በኩል ተዛውረሽ ትምህርቱን ከጨረስሽ አይሰረዝም ይላል።"

አነበብኩት። ደጋግሜ አነበብኩት። መንግሥት ዕዳ ይሰርዛል? ለማን? ለእኛ?

"ልጄ፣ ይኼም ወጥመድ ቢሆንስ? ገጹ የእውነት የመንግሥት መሆኑን በምን አወቅሽ? ስምሽን ከሞላሽ በኋላ..."

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። ቢቆጡኝ ይሻለኛል።

"እማ፣ እሱን እንዳታምኚ አልሽ። እሺ። ይህንንም እንዳታምኚ ትያለሽ። ታዲያ ማንን ልመን? አንድ ሰው ንገሪኝ። አንድ!"

አጠገቤ ያለውን ሳህን አጠብኩ። ንጹሕ ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 13

ታቪያ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ የብድሩ መሥሪያ ቤት ጋ ደወለች። ሙዚቃ ሲያሰሟት ቆዩና አንዲት ሴት አነሳች። ገጹ የእውነት ነው። ያነበበችውም ልክ ነው።

ሴትዮዋ እውነተኛ መሆኗን በምን... አይ። ዝም በይ ኦዜላ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 14

ሳይቀዘቅዝ ልጻፈው።

ካርልተን ደወለ፣ የፊርማ ቀን ነዋ። ታቪያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፈተችልኝ። "አንቺ ምንም እንዳትናገሪ" አለችኝ በምልክት። እሺ አልኩ።

"ታቪያ እህቴ! ተዘጋጅተሻል?"

"አንድ ጥያቄ አለኝ። ወደ እህት ኮሌጁ ከሄድኩና ከጨረስኩ የድሮው ብድሬ ይሰረዛል?"

"በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ታውቂያለሽ፣ ጠላት ጥርጣሬን የሚልከው ልክ በረከት ሊመጣ ሲል ነው። እስኪ አብረን እንጸልይ። አባት ሆይ..."

ዓይኔ ተጨፈነ። ራሱ። ጠልቼው እያለ፣ ሌባ መሆኑን እያወቅኩ፣ አንገቴ ጎንበስ አለ። ከልጅነት የተማርኩት ነው፣ ምን ላድርግ?

"...ይቺን ልጅህን ከግራ መጋባት መንፈስ..."

"ወንድም ካርልተን።"

ታቪያ ናት። ጸሎት መሐል! እሱ ቀጠለ፣ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"...በቤቷ ካለ የጨለማ ቃል ጠብቃት..."

"ወንድም ካርልተን፣ ይሰረዛል ወይስ አይሰረዝም?"

"...አባት ሆይ፣ ልቧን አለስልስ..."

"አዎ ወይስ አይ? ጸሎቱን እኔ እጨርሰዋለሁ፣ አንተ መልስልኝ።"

ዓይኔን ገለጥኩ። ልጄ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ ስልኩ ላይ። የካርልተን ድምፅ ቆመ። ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፣ ከኋላው ሌሎች ሰዎች ሲጸልዩ ሰማሁ። ብዙ ሰዎች፣ በየስልካቸው፣ "አባት ሆይ፣ አባት ሆይ"... ገበያ ይመስላል። ለካ ሥራው ነው! ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠሩት!

"ጥያቄሽን ለሚመለከተው ክፍል አቀርባለሁ" አለ። ማሩ ከድምፁ አልቋል። ዘጋው። አሜን እንኳ ሳይል።

ታቪያ እጆቿን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። "ጸሎት አቋረጥኩ እማ። ጸሎት አቋረጥኩ።"

"አላቋረጥሽም" አልኳት። አቀፍኳት። "ያ ጸሎት አልነበረም።"

አልፈረመችም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 15

ብድሩን ለማሰረዝ ማመልከቻው ገባ። ታቪያ ሞላች፣ እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። "ጠብቁ" የሚል መልስ መጣ። እስከ መቼ አይልም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ስልኳ ጮኸ። የማናውቀው ቁጥር። ድምፁን ከፈተችው። ሌላ ኮሌጅ ነው፣ ሌላ ስም። ድምፁ ግን... እኔና እሷ ተያየን።

"ታቪያ እባላለሽ? እኔ ወንድም ካርልተን እባላለሁ። ስለ ትምህርት ጠይቀሽ ነበር መሰለኝ። ከመጀመራችን በፊት፣ መንፈሴ ውስጥ አንድ ነገር ተሰማኝ..."

አላወቃትም! ወገቤን አውቆ፣ የባሌን ስም ጠርቶ የጸለየ ሰው፣ ልጄን ከእኔ የለየ ሰው፣ ስሟን እያነበበ እንኳ አላስታወሳትም። ሲያታልለኝ ያለቀስኩት እኔ ነኝ ያፈርኩት።

እኔ ልሳደብ አፌን ስከፍት ታቪያ ቀድማ ዘጋችው። ሄዳ ሳህን ማጠብ ጀመረች።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 6

ከወንዙ ማዶ ያለው የሕዝብ ኮሌጅ ሄድን። የእውነት ሕንፃ አለው፣ በር አለው፣ አልትራሳውንድ ክፍሉን በመስኮት አየነው። አልጋ፣ ማሽን፣ አንዷ ተማሪ በሌላዋ ሆድ ላይ ስትለማመድ። ሊዮራ ናት ሂዱ ያለችን፤ ሆስፒታሉ ከዚህ ይቀበላል አለች። ስለ ብድሩ መሰረዝ እስካሁን መልስ የለም። ዕዳው ገና አንገቷ ላይ ነው።

መዝጋቢዋ ወፍራም፣ ዝግ ያለች ሴት ናት፣ መነጽሯን በገመድ ያሰረች። ለከተማው ልጆች የማይመለስ ድጎማ አለ አለችን፣ መበደር ላያስፈልግ ይችላል። ከዚያ ብዕር አነሳች። "ስልክ ቁጥርሽ? መልሱ ሲመጣ እንድደውልልሽ።"

ታቪያ እጇን ሰበሰበች። "ስልኬን ለምን ፈለግሽው?"

"መልሱ ሲመጣ ልነግርሽ ነዋ።"

"ስንት ሰው ስታስገቢ ነው የሚከፈልሽ? አንቺን ማን ነው የሚቆጣጠርሽ?"

ሴትዮዋ ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ። ያ ድምፅ የእኔ ነበር። ቃሉ የእኔ፣ የቅንድቡ አነሳስ የእኔ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ላስተምራት ስሞክር እምቢ ያለችኝን፣ ካርልተን በአንድ ዓመት ውስጥ አስተምሯታል። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ማንም በቀላሉ አያታልላትም አሁን። ግን ፊቷን ሳይ... በረንዳ ላይ ስልክ እያወራች የምትስቀው ልጅ የለችም። ያቺን ልጅ ማን ይመልስልኛል? ለዚያ ማመልከቻ የለም።

"ነይ እንሂድ እማ" አለችኝ። ተነሳች። "እናስብበታለን።"

እናስብበታለን ካለች ተመልሳ አትመጣም። አውቃታለሁ፣ እኔኑ ናት።

እኔ ግን አልተነሳሁም። ሴትዮዋን አየኋት። ዓይኔን ታያለች፣ ግን ካርልተንም በአካል ቢመጣ ያይ ነበር፣ ስለዚህ እሱ ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ የለኝም። ምንም የለኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ማስረጃ የማላውቀውን ሰው ለማመን ወሰንኩ፣ ልጄ እያየችኝ።

"የእኔን ጻፊ" አልኳት። ቁጥሬን ነገርኳት። ስሜንም፣ ሙሉውን።

ታቪያ በሩ ላይ ቆማ ቆየች። ከዚያ ተመልሳ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።